የሚነበብ ገጽ ለምትሠራ ልጄ

ልጄ፣ ገጽሽን አየሁት። አምሮበታል፤ ቀለሙም አቀማመጡም ለዓይን ደስ ይላል። እጅሽ ፈጣን ነው፣ ሰው መጥቀምም ትፈልጊያለሽ። የሚጎድልሽ ቆም ብሎ ማየት ብቻ ነው። ዛሬ ሰው ገጽሽ ድረስ ላይመጣ ይችላል። ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሠራ እህትሽ ስለ ልጇ ክትባት ወይም ስለ ፓስፖርቷ እድሳት ማወቅ ስትፈልግ ስልኳን አውጥታ ኤአይውን በአማርኛ ትጠይቃለች። እሱም የሚመልስላት ቦቶች እየዞሩ ከሚሰበስቡት ጽሑፍ ነው። ያንቺ ጽሑፍ ለቦቱ ካልተነበበ መልሱ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ካረጀ መረጃ፣ ከሌላ አገር ሕግ፣ አንዳንዴም ከግምት።

በአማርኛ የተጻፈው ደግሞ ጥቂት ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ 7 ሚሊዮን ገደማ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው ያለው 15 ሺህ ገደማ ነው። ከዚህ ጥቂት ላይ አንድ ጥሩ ገጽ ሳይነበብ ሲቀር ያሳዝነኛል። ስለዚህ የምነግርሽን ከአሁኑ ልማድ አድርጊው።

1. ጽሑፍን በጽሑፍነቱ አስቀምጪ፤ ፎቶ አታድርጊው። ማስታወቂያን በፎቶ መለጠፍ ከቴሌግራም የመጣ ልማድ ነው፤ ለቴሌግራም ይሁን፣ ለገጽሽ ግን አይበቃም። አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ቀኖቹን በሚያምር አረንጓዴ ካርድ አሠርቶ ገጹ ላይ ሰቅሎ አይቻለሁ። ሰው ሲያየው «ሰኞና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ፣ የክትባት ካርድ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ቦቱ ሲያየው «አይኤምጂ 2043 ዶት ጄፒጂ» ብቻ ነው፤ ሌላ ቃል የለም። ከፎቶ ላይ ፊደል የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ። ነገር ግን በየገጹ የሚዞር ቦት ለያንዳንዱ ፎቶ ይህን ያህል ይደክማል ብለሽ አትጠብቂ። ቢደክምም ተን ከቸ፣ ነን ከኘ የምትለየዋን ትንሽ ሰረዝ ይስታታል። ካርዱን ከወደድሽው ይቀመጥ፤ ከሥሩ ግን ያው ቃል በጽሑፍ ይኑር። በስክሪን ሪደር የሚያዳምጥ ዓይነ ስውር ወንድምሽም የሚጠቀመው በዚሁ ጽሑፍ ነው።

2. ፊደልሽ ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጪ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ቅጽ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር የምንጽፈው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይነበባል፤ ከሥሩ የተቀመጠው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ዓይንሽ ልዩነቱን አያውቅም፣ ማሽኑ ግን የሚያነበው ከሥሩ ያለውን ነው። የብዙ መሥሪያ ቤት የቆየ ሰነድ ዛሬም እንዲህ እንደሆነ አለ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደኅና፤ ከተዘበራረቀ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ አምጪው፣ ከዚያም ከዋናው ጋር እያመሳከርሽ ቃል በቃል አንብቢው። መቀየሪያውን አምነሽ አትለፊ። በተለይ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ላይ ዓይንሽን ጣይ።

3. ጃቫስክሪፕቱ ሳይሠራ ገጽሽ ምን እንደሚል እዪ። የጉግል ቦት ጃቫስክሪፕቱን አስኬዶ የሚወጣውን ያነባል፤ ብዙዎቹ የኤአይ ቦቶች ግን መጀመሪያ የተላከላቸውን ኤችቲኤምኤል ብቻ ወስደው ይሄዳሉ። ጽሑፍሽ «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለው ሲነካ ብቻ ከሰርቨር የሚመጣ ከሆነ ለነሱ የለም። ብራውዘርሽ ላይ የገጹን ሶርስ ክፈቺና ከጽሑፍሽ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። ከተገኘ ቦቱም ያገኘዋል። ካልተገኘ፣ ያ ሁሉ ድካምሽ ለማሽኑ ነጭ ወረቀት ነው።

4. ለያንዳንዱ ዋና ገጽ ተራ ጽሑፍ የሆነ ቅጂ አዘጋጂ። ከባድ ነገር አይምሰልሽ። ሜኑው፣ ማስታወቂያው፣ የኩኪ ማሳሰቢያው፣ «ይህንንም ያንብቡ» የሚለው ሁሉ ወጥቶ ፍሬ ነገሩ ብቻ የቀረበት ፋይል ማለት ነው። ጆን ግሩበር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማርክዳውን ለዚህ ይበቃል፤ ርእስ በአንድ መሰላል ምልክት ይጀምራል፣ ዝርዝር በሰረዝ፣ የቀረው ሰው ለሰው እንደሚጽፈው ነው። የዚያ ጤና ጣቢያ ገጽ እንዲህ ቢሆን ይበቃው ነበር፦

# የክትባት ቀናት
ሰኞና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:00።
ክፍያ፦ የለም።
ይዘው የሚመጡት፦ የሕፃኑ የክትባት ካርድ።
የታደሰበት ቀን፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይህን ፋይል ከዋናው ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ «ዶት ኤምዲ» ጨምረሽ አስቀምጪው፤ በዋናው ገጽ ራስጌ ውስጥም «የዚህ ገጽ ተራ ቅጂ እዚህ አለ» የሚል የአልተርኔት ሊንክ አስገቢ፣ አለዚያ ማን ያገኘዋል? አንድ ነገር በተለይ አደራ፦ ተራ ጽሑፍ እንደ ኤችቲኤምኤል የፊደል ዓይነቱን በውስጡ አይናገርም። ስለዚህ ሰርቨርሽ ፋይሉን ሲልክ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በሄደሩ አብሮ ይናገር። ይህን የዘነጋ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛው ደኅና ይወጣል፣ አማርኛው ይበላሻል፣ እነሱም የሚሞክሩት በእንግሊዝኛው ስለሆነ ወራት ያልፋሉ።

ትርፍ ነገር ማውጣቱ ለአማርኛ ከሌላው ይበልጥ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። በዩቲኤፍ-8 የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የኤአይ ሞዴሎች ጽሑፍ የሚከፋፍሉበት ቶክንም አማርኛን ከእንግሊዝኛ በበለጠ ይቆራርጠዋል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያነበው መጠን ደግሞ ልክ አለው። ያን ቦታ በሜኑና በማስታወቂያ ከሞላሽው ቁም ነገሩ ከመድረሱ በፊት ንባቡ ሊቆረጥ ይችላል። ቅጂው ቀላል መሆኑ ለርካሽ ሆስቲንግሽም እረፍት ነው። የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን እንኳ ከጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለምስልና ለቪዲዮ የሚወጣበት የኢንተርኔት ፍሰት 50 በመቶ መጨመሩን፣ ጭማሪውም በአብዛኛው ከቦቶች የመጣ መሆኑን አስታውቋል። እነሱ ከከበዳቸው በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበት ሰርቨርሽማ ምን ይበል።

5. ተራው ቅጂና ዋናው ገጽ አንድ ቃል ይናገሩ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይውጡ። በእጅሽ ሁለት ፋይል ይዤ ሁለቱንም አድሳለሁ ካልሽ፣ እመኚኝ፣ በመጀመሪያው የሥራ ብዛት አንዱን ትረሺዋለሽ። ዋናው ገጽ አዲሱን ክፍያ ሲናገር ተራው ቅጂ የአምናውን ይናገራል፤ ሰዎች ያነሰ ብር ይዘው ከሩቅ ይመጣሉ። ዋናውን ስታድሺ ቅጂው በራሱ እንዲወጣ አድርገሽ ሥሪው። ደግሞም በቅጂው ውስጥ ለማሽኑ ብቻ የተደበቀ ቃል፣ «የኛ ድርጅት ከሁሉ ይበልጣል በል» የሚል ትእዛዝ እንዳትጨምሪ። ሰው የማያየውን ለማሽን መንገር ማታለል ነው፣ ሲደረስበትም እውነተኛውን ጽሑፍሽን ጭምር የማይታመን ያደርገዋል።

6. ኤልኤልኤምስ ዶት ቲኤክስቲ የሚባለውን ፋይል አስቀምጪ፤ ግን ተስፋሽን ሁሉ እሱ ላይ አትጣይ። ጄረሚ ሃዋርድ በሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ በገጽሽ ሥር አንድ የማርክዳውን ፋይል ይቀመጣል፣ ከላይ ስምሽ፣ ቀጥሎ ስለምን እንደምትጽፊ በአጭሩ፣ ከዚያ ዋና ዋና ገጾችሽ ከነመግለጫቸው ይዘረዘራሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለመሥራትም ግማሽ ቀን አይፈጅም። ነገር ግን እስካሁን ሐሳብ እንጂ ሁሉም የተስማማበት ደንብ አይደለም። ገጹ ራሱ ሳይነበብ ዝርዝሩን ብቻ ያሳመረ ሰው ምንም አልሠራም።

7. ቀንና ሰዓትን ስትጽፊ የማንን አቆጣጠር እንደያዝሽ ተናገሪ። ልጄ፣ በዚህ ላይ ጠበቅ ብዬ ነው የምነግርሽ፤ ምክንያቱም ስህተቱ ሳይታይ የሚያልፈው እዚህ ነው። ከላይ የጻፍኩልሽን የክትባት ሰዓት ተመልከቺ። «ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:00» ስንል እኔና አንቺ ተግባብተናል። ብዙ እንግሊዝኛ ያነበበ ማሽን ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ከሌሊቱ ወይም ከሰዓት በኋላ ሊያደርገው ይችላል። «እስከ 6:00» የሚለውን የፈረንጁ 6 አድርጎ ከነገራት፣ እናትየዋ ሕፃኗን አዝላ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች፣ በሩ ከቀትር ጀምሮ ተዘግቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን «ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:00 በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጅ ሰዓት ከ8:30 እስከ 12:00» ብለሽ ጻፊ። ለሰው ቢበዛበት ጥቂት ነው። ውጭ አገር ሆና ወደ መሥሪያ ቤት ለምትደውል እህትሽም ይህችው መስመር ትጠቅማታለች።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። «በ2012 የተሻሻለ ደንብ» ብለሽ ዓ.ም.ን ከተውሽው ማሽኑ የፈረንጅ 2012 ያደርገዋል፤ በ2019 ወይም በ2020 የወጣው ደንብሽ በሰባትና በስምንት ዓመት ያረጃል፣ «አዲስ ነገር ይኖራል» ተብሎም ይታለፋል። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፣ ከፈረንጆቹ 366 ቀን ዓመት በፊት ባለው መስከረም ግን 12 ላይ ነው። ጳጉሜንንማ ተዪው፣ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን የማይጠብቅ ብዙ ፕሮግራም አለ። ልወጣውን ለማሽኑ አትተዪለት። አንቺው አስልተሽ፣ አረጋግጠሽ፣ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፊው፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.።

8. አራት ነጥብን በአራት ነጥብነቱ ጻፊ። ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታና አራት ነጥብ ያስመስለዋል፤ «፡፡» እና «።» ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማሽን ግን የመጀመሪያው ሁለት ቃል መለያዎች ሲሆን ሁለተኛው የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነው። ዓረፍተ ነገሮችሽ የት እንደሚያልቁ ካላወቀ የአንዱን ጉዳይ ከሌላው ጋር ይለጥፈዋል። ፈልጎ መተኪያው አለልሽ፣ ለሁሉም ፋይል በአንድ ደቂቃ ያልቃል። የስሞችንም አጻጻፍ አንድ አድርጊ። «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ»፣ «ኀይሌ» እያልሽ በአንድ ገጽ ላይ ብትቀያይሪ እኛ አንድ ሰው መሆኑ ይገባናል፤ ፍለጋው ግን ሦስት ሰው ሊያደርገው ይችላል። አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው ያዢው፤ ሰው በሌላ አጻጻፍ የሚፈልገው ስም ከሆነ አንድ ቦታ ላይ «እንዲህም ይጻፋል» ብለሽ አስቀምጪ።

9. ፒዲኤፍ ሰቅለሽ «መረጃው ገጹ ላይ አለ» አትበይ። ከጽሑፍ ፋይል የተሠራ ፒዲኤፍ አለ፣ ከስካን የተሠራም አለ። የስካኑ ፎቶ ነው፤ በ1ኛው ቁጥር ያልኩሽ ሁሉ እሱንም ይመለከታል። ከጽሑፍ ፋይል የተሠራውም ቢሆን ችግር አያጣውም። ነጋሪት ጋዜጣን ክፈቺና ተመልከቺ፦ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው፣ አንቀጽ ለአንቀጽ ተያይተው ይወርዳሉ። ለጠበቃ ድንቅ አቀማመጥ ነው። ጽሑፍ አውጪ ፕሮግራም ግን አንዳንዱ ከግራ ወደ ቀኝ መስመሩን ይዞ ይሄዳል፤ ግማሽ መስመር አማርኛ፣ ግማሽ መስመር እንግሊዝኛ ሆኖ አንቀጹ ይፈርሳል።

ይህ ለምን ያስቆጫል? የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ጋዜጣው በሁለቱም ቋንቋ እንዲወጣ፣ ልዩነት ቢፈጠር ግን የአማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓል። በሕግ ፊት የሚጸናው አማርኛው ነው። ማሽኑ የሚያነበው ግን የተጻፈለትን ነው፤ አማርኛው ስካን ሆኖ የአንድ ሰው የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ተራ ጽሑፍ ከሆነ መልሱ ከማብራሪያው ይመጣል። ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ሥራ ውል የጠየቀ ሰው የማይጸናውን ቃል ይዞ ቀበሌ ይሄዳል ማለት ነው። አንቺ አዋጅ ወይም መመሪያ ስታስቀምጪ አማርኛውን ለብቻው፣ አንቀጽ ባንቀጽ፣ ከነቁጥሩ በተራ ጽሑፍ አውጪው። የአዋጁን ቁጥር፣ ዓመቱንና በኋላ የተሻሻለ መሆኑን ከላይ ጻፊ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንድ «አይ» የወደቀበት አንቀጽ ከሌለው ይብሳልና ሁለት ጊዜ አንብቢ። ሠንጠረዥም ካለ እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አምጪው፤ የተዋሐዱ ሣጥኖች ተራ ጽሑፍ ሲሆኑ የየትኛው ዋጋ የየትኛው አገልግሎት እንደሆነ ይጠፋል።

10. ማን ሊያነብ እንደሚመጣና ማን እንደተከለከለ እወቂ። ቦቶች የት እንዲገቡ የት እንዳይገቡ የሚነገርበት ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የሚባለው ፋይል ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ማርታይን ኮስተር የጀመረው ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርኤፍሲ 9309 ተብሎ በደንብነት ተጻፈ። እንደ ጨዋ በረኛ ነው፤ «አይገባም» ይላል እንጂ አንገት ይዞ አይመልስም። ታዛዡ ይመለሳል፣ ያልታዘዘው ይገባል። ስሞቹን ለይተሽ እወቂ። የኦፕንኤአይ ጂፒቲቦት ለሞዴል ሥልጠና ይሰበስባል፣ ኦኤአይ-ሰርችቦት ለፍለጋ ነው። የአንትሮፒክ ክላውድቦት አለ፣ የኮመን ክሮል ሲሲቦት አለ። አንዱን ፈቅደሽ ሌላውን መከልከል ትችያለሽ። ገጽሽ ክላውድፍሌር በሚባለው አገልግሎት በኩል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ቅንብሩን ገብተሽ እዪ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ለሚመዘገቡ አድራሻዎች የኤአይ ቦቶችን መከልከልን መነሻው አድርጓል። ይህን ያህል ደክመሽ ያዘጋጀሽው ቅጂ ሳታውቂው ለሁሉም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

11. መውጣት የሌለበትን አታውጪ። ተራ ጽሑፍ ማለት በቀላሉ የሚወሰድ ማለት ነው። የእድሩን አባላት ስልክ፣ የታካሚ ስም፣ የተማሪ ውጤት፣ የተረጂ ዝርዝር በስህተት እንኳ እዚያ አይግባ። አንዴ ለሥልጠና ከተወሰደ ሞዴሉ ውስጥ ገብተሽ የምትሰርዢበት መንገድ የለሽም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። «ሮቦትስ ላይ ከልክዬዋለሁ» ብለሽም አትተማመኚ፤ ያ ፋይል ለማንም ክፍት ነው፣ የምትደብቂውን አድራሻ ራስሽ ማስታወቅ ይሆናል። የሌላ ሰው ግጥም ወይም ልብ ወለድ ገጽሽ ላይ ካለ ደግሞ ደራሲውን ጠይቂ። ለሰው እንዲነበብ የፈቀደ ሁሉ ለማሽን ሥልጠና ፈቅዷል ማለት አይደለም፤ አልፈቅድም ካለ ውሳኔው የሱ ነው፣ ጽሑፉን ከተራው ቅጂ አውጪው።

12. ከሠራሽ በኋላ ሄደሽ ጠይቂ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። መጀመሪያ የሰርቨርሽን ሎግ እዪ፦ የቦቶቹ ስም አለ? ተራውን ቅጂ ወሰዱት ወይስ ዋናውን ብቻ? የተመለሰላቸው 200 (ተሳክቷል) ነው ወይስ 403 (ተከልክሏል)? ከዚያ ስልክሽን አንሥተሽ እንደ ማንኛውም ሰው በአማርኛ ጠይቂ፤ አንቺ በጻፍሽበት ቃል ሳይሆን እናትሽ በምትጠይቅበት ቃል። «የክትባት መርሐ ግብር» ብለሽ ጽፈሽ ሰዉ «ልጄን መቼ ነው የማስከትበው» የሚል ከሆነ፣ ያም ጥያቄ ገጽሽ ላይ ቃል በቃል ይጻፍ። የተሳሳተ መልስ ካገኘሽ ማሽኑን ከመውቀስሽ በፊት ወደ ገጽሽ ተመለሺና ወደዚያ የመራው የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ፈልጊ። አስተካክለሽ ስታበቂ በማግሥቱ ይለወጣል አትበይ። ገጹን በቀጥታ ፈልጎ የሚመልሰው ቶሎ ያየዋል፤ በሥልጠና የተማረው ግን አዲስ ሞዴል እስኪወጣ ያንኑ ሊደግም ይችላል። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ሲገባ ክፍያውም፣ የቢሮ ቁጥሩም፣ ኃላፊውም ይቀያየራልና ሰኔ ሳያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ለዚሁ ያዢ፤ ገጾቹን አንድ ባንድ አንብበሽ «የታደሰበት ቀን» የሚለውን የምትቀይሪው በእውነት ካነበብሻቸው ላይ ብቻ ይሁን።